የፋብሪካው ሒሳብ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ሲወጣ

(በመራዊ ከተማ በዩኒየን የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






የቆጋ ስንዴና በቆሎ ወደ ዱቄት ወይም መኖ ፋብሪካ ሲገባ አባሉ በዓይኑ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ከሚዛኑ በኋላ የአባሉ ድርሻ የሚታወቀው በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒዩተር ነው። ትርፍ የሚከፋፈለው በዕጣና በተሳትፎ መጠን ስለሆነ፣ በዚያ ሣጥን ውስጥ የጠፋ ኩንታል ከአባሉ ኪስ የጠፋ ነው።

በኢትዮጵያ መካከለኛ ፋብሪካዎች ዘንድ የኮምፒዩተር ሒሳብ ሲባል ለረጅም ዓመታት ፒችትሪ ማለት ነበር። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ቀይሮታል፤ በአንዳንድ ቢሮ ግን የድሮው ቅጂ በዊንዶውስ 7 ላይ እንደተጫነ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ያቆመው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው። ፒችትሪ ብዙ ያገለገለ ፕሮግራም ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን ክፍት የሚያደርገው የሁለት በጀት ዓመት ሒሳብ ብቻ ስለሆነ፣ ኦዲት የዘገየበት ድርጅት ይቸገራል። ስንዴው በቢን ካርድ፣ ዱቄቱ በኤክሴል፣ ሽያጩ በፒችትሪ ሲያዝም በዓመቱ መጨረሻ ሦስቱ አይስማሙም። ኦዲተሩ ይቆማል፤ የትርፍ ክፍፍሉም አብሮ ይቆማል።

አዲስ ሶፍትዌር መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ አሮጌውን መዝገብ ማጥራት ነው። የአባላት ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጌታቸው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሦስት ሰው ይሆናል። በአማርኛ የተጻፈውም ቢሆን ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት ፊደላት ከተያዘ፣ ወደ አዲሱ ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም ስሙን ከካርኒው ላይ እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

ቀኑም ያስቸግራል። ሐምሌ 1 ምንጊዜም በፈረንጆች ጁላይ 8 ነው። ጥቅምት 1 ግን በአብዛኛው ኦክቶበር 11 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ኦክቶበር 12 ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ቀኑን በግምት የሚቀይር ፕሮግራም የወሩን መጨረሻ ርክክብ ወደማይገባው ወር ይወስደዋል። ስለዚህ ሻጩ ፕሮግራሙን ሲያሳይ ጳጉሜን 6 ብሎ እንዲያስገባ መጠየቅ ነው። (ብዙዎቹ ፈገግ ብለው ያልፉታል፤ ማለፍ የለባቸውም።)

መቼ ይቀየር ለሚለው የሒሳብ ባለሙያ ሐምሌ 1 ይላል፤ በጀት ዓመቱ ስለሚጀምር ትክክል ነው። ይሁንና ያ ወቅት ዩኒየኑ በማዳበሪያ ሥርጭት የሚጠመድበት ነው። ስለሆነም ቆጠራውና የስም ማጥራቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ቢያልቅ፣ ከሐምሌ ጀምሮ የፋብሪካው ሒሳብ ብቻ በሁለቱም ፕሮግራም ጎን ለጎን ለሦስት ወር ቢሠራ ይሻላል። ለሠራተኛው ድርብ ድካም ነው፤ አበል ሊታሰብለት ይገባል።

ከዚያ በፊት ግን የአባላት ስምና ያስረከቡት ኩንታል ታትሞ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ካርኒ ያለው አባል ካርኒውን ይዞ ይምጣ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስከትል። አሮጌው ኮምፒዩተርም የመጨረሻው ዓመት ሒሳብ በኦዲተር እስኪዘጋ ድረስ ከቢሮው አይውጣ።