ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

(በወልድያ ከተማ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ወንዝ ሽርሽር እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ በመጀመሪያ ነገሩ ከቦታው ጋር የማይሄድ መስሎኝ ነበር። የወንዝ ሽርሽር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከታላቅ የመንገደኞች መርከብ ወርደው፣ በአንድ ሞቃት ደሴት ወንዝ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ተንሳፍፈው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ መርከባቸው የሚመለሱትን ጎብኚዎች ነው። እኛ ደግሞ የተሰበሰብነው የባሕር በር በሌላት አገር፣ ከተራራ ግርጌ በተቀመጠችው በወልድያ ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ከእኛው መካከል የተነሣ ነው። ካለፈው ጦርነት ወዲህ እንግዳ የራቀበት ባልደረባችን ብዙ ነው። በዚህ አካባቢ የሚኖር አስጐብኚ፣ ሾፌር፣ የሆቴል ባለቤት፣ ወሬውን ሳይሆን ኑሮውን ስለሚያውቀው እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ስለዚህም አንዳንዶቻችን ወደ ላሊበላ በሚደረገው ጉዞ ላይ አንድ አዲስ ነገር ብንጨምር ብለው አስበዋል። «ወንዞቻችንን በላስቲክ ጀልባ ለምን አናስጐበኝም?» የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ሐሳቡ ከችግር የመነጨ ስለ ሆነ አልንቀውም። በቅን ልቡና ልመልስለት እሞክራለሁ። ዘመናቱን የምጠቅሰው በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውስ።

በመጀመሪያ ነገሩ በደንብ ወደሚሠራበት ቦታ እንሂድ። በጃማይካ ደሴት ሪዮ ግራንዴ በሚባለው ወንዝ የቀርከሃ ታንኳ ቀድሞ ሙዝ ይጫንበት ነበር። ኤሮል ፍሊን የተባለው የፊልም ተዋናይ በታንኳው መንሸራሸር ሲጀምር የጭነቱ ዕቃ የእንግዳ ማስጐብኛ ሆነ። በዚያው ደሴት ማርታ ብሬ በተባለው ወንዝ ላይ 9 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቀርከሃ ታንኳ ሁለት እንግዶችን አስቀምጦ፣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ እየገፋ፣ 5 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳቸዋል። በአቅራቢያው ያለው የፋልመዝ የመርከብ ወደብ በ2011 ከተከፈተ ወዲህም ከመርከብ የሚወርደው እንግዳ ወንዙን ደጃፉ ላይ ያገኘዋል።

ከዚህ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ውሃው ዝግ ያለ ነው። ታንኳው በአካባቢው ከሚበቅል ነገር የተሠራ ነው። ዘንጉን የያዘው ሰውም የዚያው ወንዝ ልጅ ነው፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቀዋል፤ ሁለት እንግዶች በተሳፈሩ ቁጥር አንድ የአገሬው ሰው ሥራ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ውሃን በእጅ ሥራ መሻገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጣና ሰው በደንገል ታንኳ ሲሄድበት ኖሯል፤ የአባይ ዳር ሰውም የተነፋ ስልቻ ታቅፎ ሲሻገር ኖሯል። ነገር ግን ሁለቱም ውሃውን የሚያውቁት ለጉዳያቸው እንጂ ለጨዋታ አልነበረም። ወንዙን ከላይ እስከ ታች በጀልባ ልውረድ ያለው የውጭ ሰው ነው። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ አባይን በብረት ጀልባዎች ሊወርድ ተነሥቶ፣ ጉዞው ገና ሲጀመር ጀልባዎቹ ተሰበሩበት። በ1968 ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የመራው፣ እንግሊዛውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች ያሉበት ቡድን በላስቲክና በሌሎች ጀልባዎች አባይን ወረደ። በዚያ ጉዞ አንድ ወታደር ሞተ። የሞተው ግን በአባይ ታላላቅ ፏፏቴዎች ላይ አልነበረም፤ ወደ አባይ የሚገባ አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር አዋሽንና ኦሞን በላስቲክ ጀልባ ወረደ። ከዚያም በግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም «ሶቤክ» የተባለ የጉዞ ድርጅት አቋቋሙ። የኦሞ ጉዞም ክረምቱ ሲወጣ የሚደረግ፣ በዓለም የታወቀ የገበያ ጉዞ ሆነ። ነገር ግን በ1975 በአባይ ላይ አንድ ጓደኛቸውን፣ በ1976 ደግሞ በባሮ ላይ ሌላውን ውሃ ወሰደባቸው። ሙያውን ያወቁት እነዚህ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ በአንድ ቀን ሥልጠና ጀልባ ይዘን ልንነሣ የምንችል የሚመስለን እኛ ምን እንሆናለን?

ባንግስ በ1996 ደግሞ ከዚሁ ከወሎ ተራሮች፣ ከላስታ ምድር የሚነሣውን ተከዜን ወረደ። ዛሬ ያ ወንዝ እንደዚያ አይደለም። በ2009 የተጠናቀቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሸለቆውን ሐይቅ አድርጎታል። ኦሞም በ2016 በተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ባለው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ አገዛዝ ሥር ገብቷል። አገር መብራት ማግኘቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የድሮውን የጉዞ መጽሐፍ ይዞ «ይህን ወንዝ አሳዩኝ» የሚል እንግዳ ቢመጣ፣ ወንዙ ተለውጧል ብሎ የመንገር ግዴታ የእኛ ነው።

እንግዲህ ስለ ራሱ ስለ ሥራው ጥቂት ልናገር። በዓለም ቋንቋ «ራፍቲንግ» የሚባለው ይህ ሥራ ወንዞችን እንደ አስቸጋሪነታቸው ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይከፍላቸዋል። 1 ሕፃን የሚደሰትበት ዝግ ያለ ውሃ ነው፤ 6 ደግሞ ባለሙያም ቢሆን ነፍሱን አስይዞ የሚገባበት ነው። የአንድ ወንዝ ደረጃ ግን እንደ ሰው ስም ተጣብቆበት አይኖርም። በጥቅምት 2 የነበረው በነሐሴ 5 ሊሆን ይችላል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና። አንድ ሜትር ኩብ ውሃም 1000 ኪሎ ይመዝናል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውሃ አብዛኛውን መኪና አንሥቶ መውሰድ ይችላል። ውሃ የወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መንሳፈፍ እንጂ ለመቆም መሞከር የለበትም፤ እግሩ በድንጋይ መካከል ከተያዘ ጉልበቱ እስከማይደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ይችላልና። ከሁሉም የከፋው ከወንዙ ዳር የወደቀ ዛፍ ነው፤ ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፤ ሰው ግን አያልፍም። የሕይወት አድን ጃኬትና የራስ ቁር ለዚህ ሁሉ ይረዳሉ፤ አይተኩም እንጂ።

ወደ እኛ ወንዞች ልምጣ። ነገ ጠዋት በስሪንቃ አድርገን ወደ መርሳ ስንወርድ በስተ ምዕራብ ያለውን ተራራ ተመልከቱ። በዚያ ሰንሰለት ላይ የወረደ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወዲያ ማዶ የወደቀው በተከዜና በበሽሎ አድርጎ ወደ ናይል ተፋሰስ ይሄዳል። ወዲህ የወደቀው ግን በአላውሃና በሚሌ፣ በመርሳና በግራና ወንዞች አድርጎ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል፤ ከባሕርም አይደርስም። መንገዱ አጭር፣ ቁልቁለቱም የበረታ ነው። ስለዚህ የሐብሩ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ጠጠር ላይ የሚሽሎኮሎክ ቀጭን ውሃ ነው፤ ገበሬው ለማሳው ይጠልፈዋል፤ የመርሳን ፍራፍሬ የሚያጠጣውም እሱው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን በአንዲት ሰዓት ውስጥ ግንድና ቋጥኝ እያገላበጠ የሚወርድ ደራሽ ይሆናል። በበጋ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ የለም፤ በክረምት ደግሞ ጀልባ የሚያተርፍ ውሃ አይደለም። ለቀረበው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ይህ አካባቢ የጀልባ ሽርሽር ቦታ አይደለም። ነው ብለን ማስታወቂያ ብናወጣ እንግዳውን እናታልላለን፤ ከዚያም አልፎ እናስገድላለን።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ነሐሴ፣ ሦስት እንግዶች ይዤ ከሐብሩ ቆላ ገበያ እየተመለስን ነበር። በማግስቱ ከላሊበላ በሚነሣው አውሮፕላን መሳፈር ነበረባቸው። የምንሻገረው ወንዝ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ነበር፤ ከራሳችን በላይ ያለውም ሰማይ የጠራ ነበር። ከዳር ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን።

«ልጄ፣ አሁን አትሻገሩ። ደጋው ጠቁሯል» አሉኝ።

«አባቴ፣ እንግዶች ይዣለሁ፤ ጊዜ የለንም» አልኳቸው፤ ሾፌሩንም «ንዳው» አልኩት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኚህን አባት አልፌ አልሄድም» አለኝ። ተቆጣሁ። ገና ቁጣዬን ሳልጨርስ ከላይ ጐርናና ድምፅ ተሰማ። ጎርፉ ሲደርስ ቀይ አፈርና የዛፍ ግንድ ይዞ ነበር፤ መኪናችን ልትቆምበት የነበረውን ጠጠር አላየነውም። ሽማግሌው አልሳቁብኝም፤ ፍየሎቻቸውን ቈጥረው ዝም አሉ። ያን ሌሊት እዚያው ዳር አደርን።

አውሮፕላኑ አመለጠን። ያሠራን የነበረው ድርጅት ለእኔ ደመወዜን ቀነሰብኝ፤ ለሾፌሩም የዚያን ዕለት አበሉን ከለከለው። አምስት ነፍስ ያዳነ ሰው የተቀጣው እንዲህ ሆኖ ነው። እኔም ያን ጊዜ ስለ እሱ አልተሟገትኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከወንዙ ዳር የተናገርኩት ሳይሆን ከቢሮው ውስጥ ያልተናገርኩት ነው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የንግግሬ ፍሬ ነገር ከዚህ ላይ ነው። የወንዝ ጉዞ ደኅንነት በጀልባው ላስቲክ ውፍረት አይለካም። የሚለካው «ዛሬ አንሄድም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው በመኖሩና ያን በማለቱ እንጀራው የማይጎድልበት በመሆኑ ነው። የመርከብ መንገደኛ መርከቡ ጥሎት እንዳይሄድ ይቸኩላል፤ የእኛም እንግዳ አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ችኮላው ከእንግዳው ወደ አስጐብኚው፣ ከአስጐብኚው ወደ ሾፌሩ እየወረደ መጨረሻ ላይ ውሃው ዳር ይደርሳል። ውሃ ግን የማንንም ሰዓት አይመለከትም። በ1968 ያ ወታደር የሞተው በገባሩ ላይ መሆኑን ያነሣሁት ለዚህ ነው። ሰው ታላቁን ወንዝ ይፈራል፤ ትንሹን ይንቃል። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን ደንቡ ውስጥ እንዲያስገባ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ማንኛውም አባል ከእንግዳ ጋር በሚፈራረመው ውል ላይ፣ ውሃ ሲሞላ ጉዞው እንደሚቆም አስቀድሞ ይጻፍ። እንግዳ ከመነሣቱ በፊት የተነገረውን ይቀበላል፤ ወንዝ ዳር ቆሞ ሲነገረው ግን የተታለለ ይመስለዋል።

ሁለተኛ፤ በውሃ ምክንያት ጉዞ ያስቆመ አስጐብኚ፣ ሾፌር ወይም የአካባቢ መሪ የዕለት ክፍያው አይነካበት። ይህ ካልተጻፈ የቀረው ሁሉ ከንቱ ቃል ነው።

ሦስተኛ፤ ወንዝ ባለበት መንገድ ሁሉ የዚያ መንደር ሰው በክፍያ ይመራን። ማርታ ብሬ ላይ ዘንጉን የያዘው ሰው ያለው ዕውቀት በሐብሩ ቆላም አለ፤ ፍየል እየጠበቀ ነው እንጂ አልጠፋም።

«ታዲያ ለእንግዳው ምን እናሳየው?» ትሉኝ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ፣ የወንዙን ዳር በእግሩ ይሂድ። ገበሬው ውሃውን በምን ብልሃት ጠልፎ ወደ ማሳው እንደሚያደርስ ይመልከት፤ የመርሳን ብርቱካንና ፓፓያ ከዛፉ ሥር ይግዛ፤ የደራሹ ጎርፍ በገደሉ ላይ የተወውን ምልክት ቀና ብሎ አይቶ ይደነቅ። በረጋና በሚያዘግም ውሃ ውስጥ ግን እግሩን አይንከር፤ የቆላ ውሃ የቢልሃርዝያ ሥጋት አለበትና። ጀልባ የሚወድ እንግዳ ከመጣም ወደ ጣና አሻግሩት።

ነገ መርሳ ስንደርስ ወንዙን እንሻገራለን። ድልድይ ስላለው አትሥጉ። ነገር ግን ድልድዩ ላይ ስትሆኑ ዝቅ ብላችሁ ያን ቀጭን ውሃ ተመልከቱት፤ ከዚያም ቀና ብላችሁ ደጋውን።