የልጅ ጨዋታ ምን ያስተምራል?

ሙዚየም ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን «አትንኩ!» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው። የሕፃናት ሙዚየም ግን የሚሠራው ልጆች እንዲነኩ፣ እንዲያሽከረክሩና እንዲስሉ ነው። የመጀመሪያው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1899 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተከፈተ።

ለመሆኑ እዚያ የሚጫወት ልጅ መማሩ በምን ይታወቃል? በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከተማ በሚገኝ የሕፃናት ሙዚየም ተመራማሪዎች ቤተሰቦችን አስፈቅደው በቪዲዮ ቀረጿቸው። ከመጫወቻዎቹ አንዱ ዞኢትሮፕ ይባላል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ክፍተቶች ያሉት፣ ውስጡ ሥዕሎች የተደረደሩበት፣ ከበሮ መሰል ዕቃ ነው። ልጁ ያሽከረክረዋል፤ ዓይኑን ወደ ክፍተቱ ያስጠጋል፤ ያን ጊዜ ሥዕሎቹ ነፍስ ዘርተው ይንቀሳቀሳሉ። ከወላጆቻቸው ጋር የነበሩት ልጆች ብቻቸውን ከነበሩት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በጥሞና መረመሩት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የታተመው ሌላው ውጤት ግን ያስቆጫል። ወላጆች ስለ መጫወቻዎቹ አጠቃቀም ለወንዶቹም ለሴቶቹም እኩል ያወራሉ። የነገሩን ምክንያት፣ ሳይንሱን የማስረዳቱ ነገር ግን ለወንዶቹ 3 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ የሚጀምረው ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው ሳይንስ ከመማራቸው በፊት ነው ማለት ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ይህን ለማስተካከል ሙዚየም መሄድ የግድ አይደለም። ልጆቻችሁ በጭቃም ሆነ በከሰል ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። «ይህ ለምን ሆነ?» የሚለውን ለወንዱም ለሴቷም እኩል አስረዱ።