የሹፌሩ ወገብና የትኬት ቆራጩ ልብ



እንሰት ስትፍቅ የምትውል የቦዲቲ እናት የስፖርት ምክር አያሻትም። የሚያሻው ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር ለምንል ለእኛ ነው። «እኔ ቀጭን ነኝ» ብሎ የሚኩራራም አለ፤ ይኸውም ይስማ።

ሐኪሙ ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው በ1953 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ በለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ተቀምጠው የሚውሉት ሹፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይጠቁ ነበር። በ1956 የደንብ ልብሳቸው ሲመረመር፣ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። እንግዲያው ጥፋቱ የስቡ ብቻ ነውን? አይደለም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ትኬት ቆራጭ ከመሰል ሹፌሩ ይልቅ ልቡ ደህና ነበር።

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተጠራቀመ ስብ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል፤ የሚሠራ ጡንቻ ግን ስኳሩን ከደም ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንደ ፈጠን ያለ እርምጃ ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህም ከባጃጁ ቀደም ብሎ በመውረድ ይሞላል።