ሁላችንም አንድ ወረቀት እንድናነብ

በመርካቶ እምብርት፣ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው የልጃቸውን ምረቃ ለማየት በመጡ ወላጆች ፊት እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ፊልም ተምሮ ተመረቀ ሲባል ጎረቤት የሚጠይቃችሁ «ተዋናይ ሆነ ወይስ ዳይሬክተር?» ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ዛሬ የማነሣው ሌላ ሙያ ነው። በፊልሞቻችን መጨረሻ ከሚያልፉት ስሞች መካከል እምብዛም አይገኝም። ራሱን የቻለ ሰው ስለማይመደብለት ሥራው አንዴ በረዳት ዳይሬክተሩ፣ አንዴ በራሱ በደራሲው ላይ ይወድቃል። የስክሪፕት አስተባባሪ ይባላል።

አንድ ድራማ እስኪቀረጽ ድረስ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ደራሲው አንድ ትዕይንት ይሰርዛል፤ ፕሮዲውሰሩ የቦታው ኪራይ ከበደኝ ብሎ ያስቀይራል፤ አንዷ ተዋናይ ትታመምና ንግግሯ ለሌላ ይሰጣል። ከእነዚህ ለውጦች የትኛው እንደጸደቀ ማወቅ፣ በዋናው ቅጂ ላይ ማስገባት፣ ለሚመለከተው ሁሉ ማድረስ፣ አሮጌውም ከሰው እጅ መውጣቱን ማረጋገጥ የአስተባባሪው ሥራ ነው። ቀረጻ ላይ ተዋናዩ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ የሚመዘግበው፣ እኛ ኮንቲኒቲ የምንለው፣ ሌላ ባለሙያ ነው። አስተባባሪው ካሜራ ሳይመጣ ገና ከደራሲያኑ ጋር ሥራ ይጀምራል። ወላጆች፣ አንድ የዱቤ መዝገብ በሁለት ደብተር ቢያዝና ሁለቱ ባይስማሙ ምን እንደሚከተል እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከሠራሁባቸው ተከታታይ ድራማዎች በአንዱ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጅቱ አገር ጥላ ልትሄድ መሆኑን ለአባቷ የምትነግርበት ትዕይንት ነበር። በአዲሱ ጽሑፍ አባት ነገሩን ቀድሞ ሰምቷል፤ በአሮጌው ገና አልሰማም። ሁለቱም ቅጂዎች በሌሊት በቴሌግራም ተልከዋል፤ ሁለቱም «የመጨረሻ» የሚል ስም አላቸው። አባትን የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ አዲሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠኑ አድረው መጡ፤ ልጅቱን የምትጫወተው አሮጌውን። ልምምድ ሲጀመር ንግግራቸው አልገጥም አለ፤ እሳቸው የዘነጉ መስሎ ታየና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተሰደቡ። እውነቱ እስኪጣራ ግማሽ ቀን አለፈ። የቤት ኪራዩና የጄነሬተሩ ነዳጅ መባከኑ ተረሳ፤ የእኚያ ሰው ፊት ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንድ ሰው ዋናውን ቅጂ የመያዝ ኃላፊነት ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ያ ስድብ አይነገርም ነበር።

መፍትሔው ረቂቅ ጥበብ አይደለም። በአሜሪካ የፊልም ሥራ የጸደቀው ጽሑፍ በነጭ ወረቀት ይታተማል፤ የመጀመሪያው ማሻሻያ በሰማያዊ፣ ቀጣዩ በሮዝ፣ ከዚያ በቢጫ፣ ከዚያ በአረንጓዴ። ማንም በእጁ ያለውን ቀለም አይቶ ኋላ መቅረቱን ያውቃል። ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ የገጽና የትዕይንት ቁጥር አይነካም። ከገጽ 34 በኋላ አዲስ ገጽ ቢጨመር 34ሀ ይሆናል። ትዕይንት 12 ቢሰረዝ «ተሰርዟል» ተብሎ በቦታው ይቆያል እንጂ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም፤ አልባሳቱም መብራቱም የቀረጻ ፕሮግራሙም በዚያ ቁጥር ነው የሚሠራው። በሆሊውድ ይህን የሚሠሩ ሰዎች ከኮንቲኒቲ ባለሙያዎች ጋር ሎካል 871 በሚባል የሠራተኛ ማኅበር ታቅፈዋል። ባለቀለም ወረቀቱን ደግሞ ከዚህ ወርዳችሁ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ትገዛላችሁ።

ይሁንና ከውጭ የመጣ መመሪያ የእኛን ጣጣ አያውቅም። ፀሐይ የምትባል ገጸ ባሕርይ አንዱ ደራሲ በፀሐዩ ፀ ይጽፋታል፤ ሌላው በጸሎቱ ጸ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሴቶች ያደርጋታል፤ ያለችባቸውን ትዕይንቶች ፈልግ ሲባል ግማሹን ብቻ ያወጣል፤ ተዋናይዋም ሳትጠራ ትቀራለች። ስለዚህ የእያንዳንዱን ስም አጻጻፍ በመጀመሪያው ቀን ወስኖ ሁሉንም ደራሲ የሚያስማማ ሰው ያስፈልጋል። የቀንና የሰዓት አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ረቂቁ መስከረም 2 ተጻፈ እንላለን፤ ፋይሉ ሴፕቴምበር 12 ይላል። እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልነውን ስልኩ 8 ይለዋል።

የታሪኩን ቀን መቁጠርም አለ። በክፍል 8 እናትየው ፍልሰታን እየጾሙ ከሆነ፣ ታሪኩ በሁለት ቀን ብቻ በሚቀጥልበት ክፍል 9 ዶሮ ወጥ አያቀርቡም። በረመዳን እኩለ ቀን ላይ የሚጾም ነጋዴ ቡና ይዞ ቢታይ ተመልካቹ ወዲያው ያየዋል፤ በድራማው ላይ ያለው እምነትም ይጎድላል። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት ሰፈር ያደጋችሁ ልጆች ይህን ከማንም መማር አያስፈልጋችሁም። እኔ እንደማምነው ለዚህ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ የማይገኝ እውቀት ይዛችኋል።

የስምም ነገር አለ። ድራማው ውስጥ ያለው አጭበርባሪ ጅምላ ነጋዴ ስሙ ከነአባቱ ከእውነተኛ የመርካቶ ነጋዴ ጋር ቢገጥም፣ ገጸ ባሕርይዋ የምትናገረው ስልክ ቁጥር የአንድ እናት ቁጥር ቢሆን፣ ጉዳቱ የእኛ አይሆንም፤ የእነሱ ነው። ይህን ከቀረጻ በፊት አጣርቶ ማስቀየር፣ በትዕይንቱ ውስጥ የሚሰማው ዘፈን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ባለመብቱ የፈቀደው መሆኑን መጠየቅ የአስተባባሪው ድርሻ ነው።

ይህ ሙያ ለምን ዛሬ እንደሚያስፈልግ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ፊልምም የዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚሁ መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ ኋላም ራስ ቴአትር፣ ስንቱን ተመልካች አስተናግዷል። ኃይሌ ገሪማ ራሱ የጻፈው «ጤዛ» ፊልም የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ የጀርመኑ እስኪቀረጽ ዓመታት ወስዶበታል፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በቬኒስ በስክሪፕቱም ተሸለመ። በአንድ ሰው እጅ ያለ ጽሑፍ እንዲህ ሊጠበቅ ይችላል። የዛሬው ሥራ ግን እየተለወጠ ነው። «እረኛዬ» የተባለው ተከታታይ ድራማ የተጻፈው በቅድስት ይልማ፣ በአዜብ ወርቁና በቤዛ ኃይሉ ነው። ደራሲያን በቡድን መጻፍ ሲጀምሩ ቅጂው ይበዛል፤ ያኔ የሚይዘው ሰው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሊሆን አይገባም።

በአዳራሹ ያላችሁ ፕሮዲውሰሮች፣ ይህን የምላችሁ ለእናንተ ነው። በበጀታችሁ ላይ ለዚህ ሥራ አንድ መስመር ክፈቱ። እኔም የምጠይቃችሁን በራሴ ቤት እጀምራለሁ፤ በመጪው ጥቅምት የምንጀምረው ተከታታይ ድራማ አንድ የስክሪፕት አስተባባሪ ይኖረዋል፤ ደመወዝ አለው፤ ስሙም ከደራሲያኑ ቀጥሎ ይጻፋል። መቀጠር የምትፈልጉ ተመራቂዎች የሥራ ልምድ አልጠይቃችሁም። አንድ የአሥር ገጽ ጽሑፍ እሰጣችኋለሁ፤ ስሞቹን፣ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን አርማችሁ፣ ያረማችሁትን ሁሉ መዝግባችሁ በሦስተኛው ቀን አምጡልኝ። ጽሑፉ ከዝግጅቱ በኋላ በር ላይ ይታደላል። እንኳን ደስ አላችሁ።