ፓስፖርት ስንቀይር አገር ቤት ምን ይቀረናል?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር



የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ በቁርበጆግ ይሞላል። ከሚኒያፖሊስ፣ ከስቶክሆልም፣ ከለንደን፣ ከናይሮቢ እህቶቻችንና ልጆቻችን ይመጣሉ። ሻሂው ከተጠጣ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ተመልሼ ልኑር ብል ማን ይከለክለኛል? የእናቴ ቤትስ በስሜ ይዞራል?» መልሱ በያዘችው ፓስፖርት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ዛሬ ይህን ልናወራ ወደድን።

ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት አትቀበልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን ዜግነት እንደተወ ይቆጥረዋል። «ትቻለሁ» ብሎ ማመልከቻ መጻፍ አያስፈልግም። ብዙዎች «ስዊድን እኮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፣ ኖርዌይም እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ ፈቅዳለች፣ ኬንያም በ2010 ሕገ መንግሥቷ ፈቅዳለች» ይሉናል። እውነት ነው። ነገር ግን የእነሱ መፍቀድ የእኛን ሕግ አይለውጠውም።

ግሪን ካርድ ግን ዜግነት አይደለም። ግሪን ካርድ ብቻ ያላት እህታችን አሁንም ኢትዮጵያዊት ናት። ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ቤት በስሟ ታደርጋለች፣ ትመርጣለች፣ ትመረጣለች። ችግሯ በዚያኛው ወገን ነው፤ አስቀድማ የመመለሻ ፈቃድ ሳትይዝ ከአሜሪካ ውጭ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየች የዚያ አገር ነዋሪነቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የታመመች እናቷን ለማስታመም ሁለት ዓመት ጅጅጋ መቀመጥ የምትፈልግ ሴት ምን ታደርጋለች? የአሜሪካ ዜግነት ትወስዳለች፤ ያን ጊዜ የፈለገችውን ያህል ብትቆይ ማንም አይነካባትም። ነገሩን አስተውሉት፤ እናቷ ዘንድ ተረጋግታ ለመቀመጥ ስትል በእናቷ አገር የውጭ ዜጋ ትሆናለች።

ለዚህች ሴት የተዘጋጀው ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ካርዱን ሊጠይቅ ይችላል። የኤርትራ ዜግነት ያለው ብቻ ተለይቶ ቀርቷል። የኬንያ ፓስፖርት ያላት የጅጅጋ ሰው የልጅ ልጅም ትገባበታለች ማለት ነው። ካርዱን የያዘች ሴት ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አትጠየቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር፤ ለካርዱ ባለቤት ይህ ክልከላ ተነሥቷል። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለሌሎች የውጭ ዜጎችም የቤት ባለቤትነትን የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል፤ እሱ ግን ለባለ ብዙ ገንዘብ የታሰበ ስለሆነ ለእኛ እህቶች መንገዱ ያው ቢጫው ካርድ ነው።

ካርዱ የማይሰጠውም አለ። ባለቤቷ አትመርጥም፣ አትመረጥም፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አትቀጠርም። ከዚህ ሁሉ በላይ እኛን የሚያሳስበን ካርዱ በአዋጅ የተሰጠ መሆኑ ነው። ባንኮችን እንመልከት። ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት የባንክ አክሲዮን ይዘው ከቆዩ በኋላ ብሔራዊ ባንክ «ዜጋ አይደላችሁም» ብሎ እንዲለቁ አዘዘ፤ በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና ተፈቀደላቸው። ቢጫ ካርድ በእጃቸው ነበር፣ አላዳናቸውም።

ማኅበራትም ይህን ቀምሰዋል። በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 የኢትዮጵያ ማኅበር ለመባል አባላቱ በሙሉ ኢትዮጵያውያን መሆን ነበረባቸው፤ በሴቶች መብት ላይ መሥራትም ለእነዚሁ ብቻ የተተወ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ያንን አነሣው። ዛሬ ፓስፖርቷን የቀየረች እህት ከእኛ ጋር ስትቀመጥ ማንም የማይጠይቃት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ባልና ሚስት እንምጣ። በ1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ የውጭ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት ጋብቻው የባሏን ዜግነት ከሰጣት የራሷን ታጣ ነበር። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ጋብቻ ዜግነትን አያስቀርም ይላል፤ አዋጅ 378ም አንድ ሰው ዜግነቱን ቢያጣ የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን ዜግነት አይነካም ይላል። ስለዚህ ባል የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ ሚስትም ተከትላ መማል የለባትም። በእኛ አስተያየት አገር ቤት መሬትና ቤት ያለው ቤተሰብ ከሁለቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ሆነው ቢቆዩ ይሻላል፤ የሚቆየውም ሰው ውርስ የሚጠብቀው ይሁን። ወንዶች ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ያጥቁሩ።

ጠቅልላ ለመመለስ የወሰነች ሴት ዜግነቷን መልሳ ማግኘትም ትችላለች። መኖሪያዋን ኢትዮጵያ ታደርጋለች፣ የውጭውን ዜግነት ትተዋለች፣ ለኢሚግሬሽን ታመለክታለች። ጡረታዋና ልጆቿ ያሉት ሚኒሶታ ከሆነ ግን ይህን ከማድረጓ በፊት ደጋግማ ታስብበት።

በእኛ አካባቢ የሚከብደው ማስረጃው ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች ወረቀታቸው ጠፍቷል። አንዳንዶች በስደት ወረቀታቸው ላይ የትውልድ ቦታቸው ሐርጌሳ ወይም ሞቃዲሾ ተብሎ ተጽፏል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ አዬዮቻችን የልደት ወረቀት የላቸውም። ፋይዳም የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር የውጭ ዜጋም ይሰጣል። ስለዚህ የአባትን የቀበሌ መታወቂያ፣ የቆየ ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ከሣጥን ሥር ያለ ቢጫ የሆነ ወረቀት ሁሉ አትጣሉ። ፎቶ አንሥታችሁ ውጭ ላሉት ላኩላቸው።

በመጨረሻ ስለ ልጆች። ውጭ ተወልዶ ወይም ከውጭ ዜጋ ወላጅ ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ወላጁ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኢትዮጵያዊነቱ እስከ 18 ዓመቱ አብሮት ይቆያል። 18 ከሞላው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ይህን ቀን ለልጁ የሚነግረው መሥሪያ ቤት የለም። ስብሰባው ሲያበቃ ውጭ ልጆች ያሏችሁ እናቶች የልጆቻችሁን የልደት ቀን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ፤ 18 ሊሞላቸው ስድስት ወር ሲቀረው እኛ እንደውልላችኋለን።