ጣና ከወንዞቹ የሚያስቀረው

ዛሬ ሐይቅና ግድብ ከሚገባባቸው ውሃ ላይ ምን እንደሚያስቀሩ እናያለን። ምሳሌያችን ጣና ነው።

ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደፍርሰው ጣና ይገባሉ። ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ግን ከእነሱ ይልቅ የጠራ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ አፈር የት ቀረ?

የሚሮጥ ውሃ አፈር ይሸከማል፤ ሰፊ ቦታ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። አሸዋው ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ይቀራል፤ ደቃቁ አፈር ራቅ ብሎ ቀስ በቀስ ይዘቅጣል። ፎስፈረስ በአብዛኛው ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አብሮት ይወርዳል። በውሃው የሟሟውን ደግሞ ዋቅላሚዎች ይመገቡታል፤ ሲሞቱም ይዘውት ወደ ታች ይሰምጣሉ። ናይትሮጅን ሌላም መውጫ አለው፦ ኦክስጅን በሌለው ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ፎስፈረስ ይህ መውጫ የለውም፤ ወይ ከውሃው ጋር ይፈሳል፣ ወይ ይከማቻል። ውሃው ሐይቁ ውስጥ በቆየ ቁጥር የሚቀረው ይበዛል።

ግድብም እንዲሁ ነው። የግብፅን እርሻ ለሺህ ዓመታት ያለመለመው ደለል፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከተሠራ ወዲህ አብዛኛው ከግድቡ ኋላ ባለው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

የዘቀጠ ፎስፈረስ ግን ሁልጊዜ እንደዘቀጠ አይቀርም። ከሐይቁ ወለል ኦክስጅን ሲጠፋ፣ ከብረት ጋር የነበረው ትስስር ይፈታና ወደ ውሃው ይመለሳል። ጣና ደግሞ በአማካይ ከ10 ሜትር ያነሰ ጥልቀት ስላለው ነፋስ ጭቃውን በቀላሉ ያናውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም እንዲህ በንጥረ ነገር የበለጸገ ውሃ ይመቸዋል። ስለዚህ እምቦጭ ስትነቅሉ ከውሃው አርቃችሁ ውሰዱት፤ ዳር ላይ ከበሰበሰ የበላውን መልሶ ለሐይቁ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ያለው ግን ከሐይቁ በላይ ነው። እርከን አፈሩን ከተዳፋቱ ላይ ይይዛል፤ በወንዝ ዳር ያልታረሰ የሣር መሬት ጎርፉን ያዘገየዋል፤ ደንገል ያለበት ረግረግ ደግሞ ያመለጠውን ያጣራል። የፎገራና የደምቢያ አርሶ አደሮች፣ ደንገሉን መንጥራችሁ እስከ ውሃው ዳር አትረሱ። ጎርፍ ከማሳችሁ የሚወስደው ፎስፈረስ በገንዘባችሁ የገዛችሁት ማዳበሪያ ጭምር ነው፤ ማሳው ላይ ከቀረ ሰብል ያበቅልላችኋል፣ ጣና ከገባ እምቦጭ ይቀልባል።