ጀግና ያልነው እኛ፣ ሽፍታ ያልነውም እኛ!

(አጋርፋ ከተማ ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር)

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «ጀግናና መሪ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲሰጥ ልማዳችን የታወቀ ነው። ተናጋሪው ያወድሳል፣ አዳማጩ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ! እኔ ግን ዛሬ ለውዳሴ አልመጣሁም። ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ለመሆኑ እኛ ጀግኖቻችንን ምን እናደርጋቸዋለን? ስማቸው ከመግነኑ በፊት ምን ብለን እንጠራቸዋለን? ከገነኑ በኋላስ ምን እንጭንባቸዋለን?

ልጆቻችሁ በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸውን የአሜሪካ ጀግኖች ታውቋቸዋላችሁ። በአየር ላይ የሚበሩ፣ በዓይናቸው ብረት የሚያቀልጡ፣ ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት የሚሄዱ። አዋቂው «የልጅ ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1963 «ኤክስ ሜን» የተባሉትን ጀግኖች ሲፈጥሩ ቁም ነገር ጨመሩበት። እነዚህ ጀግኖች ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ናቸው። ሕዝቡን ከጥፋት ያድናሉ። ያዳኑት ሕዝብ ግን ይፈራቸዋል፣ ይጠላቸዋል፣ «ከእኛ ወገን አይደሉም» ይላቸዋል። መሪያቸው ደግሞ ድርብ ዕዳ አለበት። በአንድ በኩል ጠላትን መመከት፣ በሌላ በኩል የተጠሉት ተከታዮቹ በቀል እንዳይዛቸው መግታት። የኛም ልጆች በዚህ ሙያ አልቦዘኑም። «ጀምበር» የተባለ የአዲስ አበባ ወጣት ጀግና እ.ኤ.አ. በ2018 በሥዕል ታሪክ ወጥቷል።

እንግዲህ ልብ በሉ! አሜሪካኖቹ በ1963 በወረቀት ላይ የሳሉትን ነገር፣ በዚያው ዓመት ባሌ በሥጋና በደም ጀመረችው። በኛ አቆጣጠር 1955 መሆኑ ነው።

ሽፍታ ማነው?

እዚህ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ያንን ዘመን ከኔ ይልቅ ያውቁታል። ያላየውም ከአባቱ ሰምቶታል። መሬት ተለካ፣ ግብር ተቆለለ። ግብሩን መክፈል ያቃተው ገበሬ መሬቱ ተወሰደበት። የተወሰደው መሬት ለሹምና ለባለሟል ታደለ። ከብት አርቢውም የግጦሽ ግብር ተጠየቀ። አቤት ልበል ቢል ወዴት ይሂድ? ዳኛውም ባለመሬቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። በዚህ ሁሉ ላይ ሃይማኖቱና ቋንቋው ሌላ በመሆኑ ንቀት ተደረበበት። በኤል ከሬ በኩል ካሂን አብዲ ተነሡ፤ በደሎ በኩል ዋቆ ጉቱ ተነሡ። ከሶማሊያ በኩልም መሣሪያ መጣ።

የማዕከሉ መንግሥት ምን አላቸው? «ሽፍታ!» በቃ። ይቺ አንዲት ቃል ከወጣች በኋላ ጥያቄውን የሚሰማ ጠፋ። ሽፍታ ይታደናል እንጂ ይደመጣል እንዴ? ሰባት ዓመት ያህል ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። «ምን በደላችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ግን አንድ ሽማግሌና አንድ የዛፍ ጥላ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ስም የለጠፈው መንግሥት ብቻ አይደለም። በዚህኛው ወገንም «ነፍጠኛ» የሚል ስም ነበር። ነፍጠኛ የተባለው ሁሉ ግን ባለ ብዙ ጋሻ መሬት ነበር ወይ? አልነበረም። ከጥማድ በሬ በቀር የሌለው፣ ችግር ገፍቶት ከሩቅ የመጣ ደሃም ነበረበት። እሳቱ ሲነሣ እሱም አብሮ ተቃጠለ። የስም መለጠፍ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ስሙን ያያል እንጂ ሰውየውን አያይም።

የኮሶ ሻጭ ልጅ

ይህ በሽታ የባሌ ብቻ አይደለም፤ የአገር በሽታ ነው። ቋራ ላይ ካሳ የሚባል ሰው ሸፈተ። መኳንንቱ ምን አሉት? «የኮሶ ሻጭ ልጅ!» ያ የኮሶ ሻጭ ልጅ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በሽፍትነቱ የዘረፈውን ለደሃ ያካፍል ነበር እየተባለ የተወደደ ሰው፣ ዘውድ ከጫነ በኋላ የመንግሥት ሸክም ተጫነው። ያመፀውን ሲቀጣ፣ የተቀጣው ሲያምፅ፣ በመጨረሻ ጎንደርን እስከ ማቃጠል ደረሰ። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ራሱን ሲሰዋ አጠገቡ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። መናቅም ሰውን ያቆስላል፣ ሥልጣንም ያቆስላል። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከቴዎድሮስ የበለጠ አስተማሪ የለም።

ጎጃም ላይ በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን መግቢያ መውጫ አሳጣ። ነፃነት መጣ፤ ነፃነቱ ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ጠላት ያልቻለውን ወገን ቻለው! ትናንት ጀግና፣ ዛሬ አመፀኛ። የተለወጠው ሰውየው ነው ወይስ ስም አውጪው?

ሁለቱ «ሽፍቶች» ባሌ ላይ

አሁን ወደ ባሌ ልመልሳችሁ። እዚህ ላይ ታሪኩ ይገርማል። የባሌውን አመፅ እንዲያበርዱ ከተላኩት መኮንኖች ዋናው ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ነበሩ። እሳቸውስ ማን ናቸው? ጣሊያን አገር ሲይዝ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ ጫካ የገቡ፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉ አርበኛ። ፋሺስት ጣሊያን አርበኞቹን ምን ብሎ ነበር የሚጠራቸው? «ሽፍታ»! ያው ቃል ነው፣ አልተለወጠም። እንግዲህ ያኔ በጣሊያን አፍ ሽፍታ የነበሩት ሰው፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በንጉሡ መንግሥት አፍ ሽፍታ ወደተባሉት ሰው ተላኩ። ሁለቱም ኦሮሞዎች፣ ሁለቱም ጫካን የሚያውቁ፣ ሁለቱም ተከታይ ያላቸው።

በ1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ፤ ምሕረትም ተደረገላቸው። ይህንን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁልጊዜ የተኩሱን ክፍል ያሳምራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ተኩሱ የቆመበት ሰዓት ነው። ለምን? መሸፈት ከባድ ነው፤ ግን ስትሸፍት ዘፋኝ አለህ፣ ፎካሪ አለህ፣ ስንቅ የምታቀብል እናት አለችህ። «ይብቃን፣ ሰው አለቀ» ስትል ግን ብቻህን ነህ። ከፊትህ ያለው «አላምንህም» ይልሃል፣ ከኋላህ ያለው «ሸጥከን» ሊልህ ይችላል። የመሪ ሸክም የሚመዘነው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። በዚያኛው ወገን ላለው ጄኔራልም ሸክሙ ቀላል አይደለም። የሚታደን ሰው ላይ መተኮስ ያስሸልማል፤ ከሚታደን ሰው ጋር መነጋገር ግን ያስጠረጥራል።

ይህን ስል የባሌ ገበሬ ጥያቄ በዚያ ቀን ተመለሰ ማለቴ አይደለም። የባለመሬትና የጭሰኛ ሥርዓት የፈረሰው የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። ዋቆ ጉቱም በዚያ አላበቁም። ከደርግም ጋር ተዋጉ፣ በኢሕአዴግ ዘመንም ተቃዋሚ ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ አረፉ። ጃገማ ኬሎ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ ሁለቱንም «ጀግና» የሚል ሰው ሞልቷል። ጥሩ ነው። ግን እኛ ጀግናን የምንሰማው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆን አለበት ወይ?

ከሜዳልያ ወደ ወንበር

ጠመንጃ ያልያዙትንም እንይ። ጎረቤታችሁ አርሲ፣ በቆጂ ላይ፣ ደራርቱ ቱሉ የምትባል ልጅ ተወለደች። በዚያ ዘመን የገጠር ሴት ልጅ ሩጫ ወደ ምንጭና ወደ ወፍጮ ነበር። እሷ ግን በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። «ሴት ልጅ ምን ትሠራለች?» የሚል አፍ ሁሉ ተዘጋ። ወይም ቢያንስ ለአንድ ሰሞን ተዘጋ!

የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴስ? ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ፣ ዓለም ያጨበጨበለት ሰው በ2009 ዓ.ም. የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2011 ወንበሩን ለቀቀ። ከሱ በኋላ ወንበሩን የተረከበችው ደራርቱ ናት። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በሩጫ ሜዳ ላይ ተፎካካሪህ አጠገብህ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማሃል፤ መጨረሻው መስመርም የታወቀ ነው። ወንበር ላይ ግን ተፎካካሪህ አይታይም፣ መስመሩም አይታወቅም። እኛ ደግሞ «ሮጦ ያሸነፈ ሁሉንም ያሸንፋል» ብለን እንሾማለን፤ ሳይሆን ሲቀር የፈረድነው በእሱ ላይ ነው።

ሊቀመንበሩን አስታውሱት

ታላላቆቹን ተውናቸው። አጋርፋ ራሷ የምትመሰክረው ነገር አለ። የዚህች ከተማ ስም በአገር የታወቀው በገበሬዎች ማሠልጠኛዋ ነው። የገበሬ ማኅበር ሲባል ደግሞ ሊቀመንበሩን ማስታወስ ግድ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ገበሬው ተደራጀ፤ ከመሃሉ ጥሩ ሰው፣ ደፋር ሰው፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው መርጦ ሊቀመንበር አደረገ። በመጀመሪያ ሥራው መሬት ማካፈል ስለነበር ሰው መረቀው።

ጥቂት ቆይቶ ከላይ ትእዛዝ መጣ። የእህል ኮታ አስገባ! መዋጮ ሰብስብ! ለብሔራዊ ውትድርና ይህን ያህል ልጅ አቅርብ! መንደር አሰባስብ! እምቢ ቢል «አድኃሪ» ይባላል፤ እሺ ቢል የጎረቤቱን ልጅ ከናቱ ጉያ ሊነጥቅ ነው። አንዳንዱ በዚህ ሥልጣን ጨከነ፣ በላ፣ ቂም ተወጣበት። ይህንን አንክድም። አንዳንዱ ግን ቀን ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ማታ በጨለማ «ልጅህን አሽሽ» እያለ በየደጃፉ ያንኳኳ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ሁለቱም አንድ ስም ተሰጣቸው፦ «የደርግ ሰው»። ያ ማታ ሲያንኳኳ የነበረው ሰው ማን ይመስክርለት? ልዩ ኃይል የለው፣ አይበር፣ ብረት አያቀልጥ። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀግና እሱ ነው።

ሸክም ማውረጃ

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድነው? ከሩቅ መፈለግ የለብንም፤ ከናንተው ቤት አለ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን ስምንት ዓመት ነው። ልጅ ከታች ጀምሮ በየእርከኑ እየተማረ ያድጋል፤ ተራው ሲደርስ ይመራል፤ ስምንት ዓመቱ ሲሞላ ያስረክባል። በመሃሉ ቢያጠፋ ጉባኤው ከሥልጣኑ ሊነቅለው ይችላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የመዘገበው ይህ ሥርዓት እንከን የለበትም አልልም። ሴቶችን ከሥልጣኑ ወንበር አርቆ ኖሯል፤ የደራርቱ አገር ልጆች ይህንን ዝም ብለው ማለፍ የለባቸውም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥበብ ይዟል። ሸክም ለዘላለም የሚሸከም ትከሻ የለም! ጀግናም ቢሆን ሸክሙን የሚያወርድበት ቀን ሊታወቅ ይገባል። እኛ አገር በላይኛው ወንበር ላይ የጠፋው ይህ ቀን ነው። የሚወጣበት እንጂ የሚወርድበት ቀን ስላልታወቀ፣ መሪው ወይ ተገፍትሮ ይወርዳል፣ ወይ እስኪሞት ተጣብቆ ይቀራል።

ወጣቶች፣ ንግግሬን ወደ እናንተ አዙሬ ልጨርስ። ዛሬም ስም መለጠፍ አልቀረም። አንዱ ተነሥቶ «ተበደልኩ» ሲል ገና አፉን ሳይዘጋ ስም እናወጣለታለን። ስሙን የምናወጣለት ጥያቄውን ላለመስማት ነው። የሚሸመግል ሲገኝ ደግሞ «ከሃዲ» እንላለን። እንዲህ እየሆነ ማን ደፍሮ ሰላም ያውርድ? ማንስ ደፍሮ «ተሳስተናል» ይበል?

ስለዚህ «ሽፍታ» የተባለውን ሰው ከመኮነናችሁ በፊት ምን እንደጠየቀ ጠይቁ። «ጀግና» የተባለውንም ከመሾማችሁ በፊት ሸክሙን ማን እንደሚያግዘው፣ መቼም እንደሚያወርደው ጠይቁ። ሲሳሳት ፊት ለፊት ንገሩት፤ ሲታረቅ ከጎኑ ቁሙ። እንዲያ ከሆነ ባሌ ጀግኖቿን በሕይወት እያሉ ትሰማቸዋለች። ካልሆነ ግን እኛ ሐውልት ስናቆም፣ ስም ስንለጥፍ እንኖራለን።